ሕዝብ የሌለበት የሕዝብ ግንኙነት

ሁለት ዓመት ተኩል አንድ አነስተኛ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሕዝብ ጋር በትክክል የተገናኘነው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም አበላሸነው። ያበላሸሁት ደግሞ በዋናነት እኔ ነኝ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ብጠራው "አሃ፣ እነሱ ናቸው፤ እኛማ እንዲህ አናደርግም" ብሎ የሚተነፍስ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ያንን እፎይታ ለማንም መስጠት አልፈልግም።

ሰባት ነበርን። መገናኛ አካባቢ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት የሚበዛ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት ክፍል። ሥራ አስኪያጁ (ባለቤቱም እሱ ነው)፣ ሒሳብ ያዟ፣ ሁለት ጽሑፍ አዘጋጆች፣ ዲዛይነር፣ ካሜራማን፣ እና እኔ። ውሌ ላይ "የሶፍትዌር ባለሙያ" ይላል። በተግባር ዌብሳይት መሥራት፣ የደንበኞችን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ መጠበቅ፣ ፕሪንተር መጠገን፣ ፕሮጀክተር ተሸክሞ ሆቴል ለሆቴል መዞር፣ ባነር ተሳስቶ ሲታተም ማተሚያ ቤት ሄዶ መጨቃጨቅ ነው። አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ እናቴም ጠይቃኛለች።

አላማርርም። ደመወዝ በቀኑ ይገባ ነበር፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ትልቁ ደንበኛ ሦስት ወር ሳይከፍል ሲቀር ሥራ አስኪያጁ ከዘመድ ተበድሮ ከፍሎናል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ምሳ አብረን ነበር የምንበላው። ጠቤ ከሥራው ጋር ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳችሁ። ደንበኛ ይመጣል። የእኛዎቹ ባብዛኛው የእርዳታ ድርጅቶች ነበሩ፣ አልፎ አልፎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዴ ሪል እስቴት። አንድ ነገር ሠርቷል፣ ወይም ሊሠራ ነው። እኛ ፕሬስ ሪሊዝ እንጽፋለን፣ ባነር እናሳትማለን፣ ቲሸርትና ኮፍያ እናዘጋጃለን፣ አዳራሽ እንይዛለን፣ ጋዜጠኛ እንጠራለን። ጋዜጠኛው መጥቶ ይፈርምና "ትራንስፖርት" ይቀበላል። ቢሮው ከአዳራሹ በእግር አምስት ደቂቃ የሆነውም ይቀበላል። (እሱን ለመውቀስ ድፍረቱ የለኝም፤ ደመወዙን ነግሮኛል።) ማታ ዜናው ይወጣል።

አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝብኝ፣ እኛ የላክነውን ጽሑፍ ከወጡት ዜናዎች ጋር የሚያነጻጽር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል፦ ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ያስቀምጥና የተለወጠውን ቃል በቀይና በአረንጓዴ ያሳያችኋል። ስክሪኔ ነጭ በነጭ ሆነ። የተለወጠው "ዛሬ" የሚለው "ትናንት" መሆኑ ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ከጽሑፍ አዘጋጆቻችን አንዷ "ባምባሲ" ማለት ሲገባት "ባንባሲ" ብላ ነበር። ባየሁት ሁሉ ላይ "ባንባሲ" ሆኖ ወጥቷል። የተወለድኩባት ከተማ ናት። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ አርታኢ እንኳ፣ "ይቺ ቦታ የት ናት?" ብሎ ካርታ አልከፈተም።

እኛስ ምን አደረግን? ዜናዎቹን ስክሪንሾት አንስተን፣ በአንድ ፋይል ጠርዘን፣ ከደረሰኙ ጋር አያይዘን ለደንበኛው ላክን። ይሄ "ሽፋን" ይባላል። ደንበኛው ለገንዘብ ሰጪው ይልከዋል፣ ገንዘብ ሰጪው ለአለቃው። እዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሕዝብ የቱ ጋ እንደቆመ አሳዩኝ። የዌብሳይቶቹን ጎብኚዎች የምከታተለው እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ፤ ገጹን ከሚከፍቱት ብዙዎቹ ደንበኛው ቢሮ ወይም እኛ ቢሮ ውስጥ ያሉ ናቸው። እኛ ገጹ መከፈቱን ለማረጋገጥ እንገባለን፣ እነሱ ፎቷቸው መውጣቱን ለማየት ይገባሉ። በቃ። ሰባት ሰው ወር ሙሉ ደፋ ቀና የሚለው ለአንድ አንባቢ ነበር፦ ክፍያው ላይ ለሚፈርመው ሰውዬ።

ስሙን ደግሞ አስቡት። "የሕዝብ ግንኙነት"። ግንኙነት ሁለት ጫፍ ያለው ነገር ነው። ስልክ ደውላችሁ እናንተ ብቻ ብታወሩና ከወዲያ ማዶ ድምፅ ባይመጣ "ተገናኘን" አትሉም፤ "ኔትወርኩ አስቸገረ" ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ "ሕዝብ ግንኙነት" የሚል ሰሌዳ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቀርቶ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመ ወዲህ "ኮሙኒኬሽን" የሚለው ቃል ከላይ ተነስቶ እስከ ወረዳ ወረደ። "ሕዝብ" ከሰሌዳው ወድቃ ቀረች፤ የጠየቀም ያለ አይመስለኝም። አዲሱ ስም ቢያንስ ግልጽነት አለው እላለሁ አንዳንዴ።

ሙያው ሲጀመር ንጹሕ ነበር፣ እኛ ነን ያቆሸሽነው ማለት ያምረኝ ነበር። ታሪኩ ግን አይፈቅድም። ከሙያው አባቶች አንዱ ተደርጎ የሚቆጠረው አሜሪካዊው አይቪ ሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከሃምሳ በላይ ሰው ሲሞት፣ ለባቡር ኩባንያው እየሠራ ነገሩን ከመደበቅ ይልቅ ጋዜጠኞችን ወደ ቦታው አስወሰደ። እሰየው ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ኮሎራዶ ውስጥ ሉድሎ በሚባል ቦታ አድማ የመቱ የማዕድን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሲገደሉ፣ ያው አይቪ ሊ በሮክፌለር ተቀጥሮ የባለንብረቶቹን ወገን የሚያሳምር፣ ስህተት የሞላበት ጽሑፍ ያሰራጭ ነበር። ያው ሰው፣ ያው ብዕር። ልዩነቱ የትኛው ሥራ ለከፋዩ እንደሚመች ነው። እኛም ከዚያ የራቅን አይደለንም።

አሁን ወደዚያች አንድ ቀን።

ባምባሲ ከአሶሳ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። በርታ፣ ማኦ፣ ኦሮሞ፣ አማራ አብሮ ይኖርባታል። የእኔ ቤተሰቦች በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ለሱዳን ስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ካሜራ ለአካባቢው ብርቅ አይደለም። ጎረምሶች ሆነን፣ አርማ የተለጠፈበት ነጭ መኪና ሲቆም ማን ፎቶ እንደሚነሳና ማን ከኋላ እንደሚቀር እናውቅ ነበር። ፈገግታም እናውቅ ነበር፤ ሲፈለግ የሚወጣ፣ መኪናው ሲሄድ የሚገባ።

አንድ ደንበኛችን በወረዳው የእጅ ፓምፕ ያላቸው የውሃ ጉድጓዶች አስቆፍሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሥራውን ለመውሰድ ሲደራደር "እዚያ ሰው አለን" አለ። ሰውዬው እኔ ነኝ። ከካሜራማኑ ጋር እስከ አሶሳ በአውሮፕላን፣ ከአሶሳ በመኪና ሄድን። ይዘን እንድንመለስ የታዘዝነው የአምስት ደቂቃ ፊልም፣ ፎቶዎችና ሁለት "የስኬት ታሪክ" ነው። የስኬት ታሪኮቹ ከመሄዳችን በፊት ግማሽ በግማሽ ተጽፈው ነበር። ለስም፣ ለዕድሜና ለልጆች ብዛት ክፍት ቦታ ተትቷል። ቀልድ አይደለም። "ከዚህ ቀደም ወይዘሮ (ባዶ) ውሃ ለመቅዳት (ባዶ) ሰዓት ይጓዙ ነበር።" እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ ቴምፕሌት አይገርመኝም። ሊገርመኝ ይገባ ነበር።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ገጠር የኖረ ያውቀዋል። እጀታውን ወደ ታች ስትጫኑት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ዘንግ ፒስተኑን ይዞ ይወጣል፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ጎሚኒ ውሃውን አፍኖ ያነሳዋል። ጎሚኒዎቹ ሲበሉ ውሃው ወደ ኋላ ያመልጣል። ያኔ ጠብታ ለማየት ብዙ መጫን አለባችሁ፤ ትንሽ አርፋችሁ ስትመለሱ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ይሄ ማሽን እንዲህ ቀለል ተደርጎ የተሠራው መንደሩ ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። በኢንጂነር ዓይን ካያችሁት የሚያምር ሐሳብ ነው፦ ሁለት ሰው፣ ጥቂት መፍቻ፣ የግማሽ ቀን ሥራ። የሚጎድለው ጎሚኒው ብቻ ነው። እሱን መንደሩ ከየት ያምጣው?

ስንደርስ ጎሚኒው ተበልቷል። ካሜራማኑ ዕቃውን እስኪያዘጋጅ የሰፈሩ ልጆች እየተፈራረቁ ተጫኑት፣ ተጫኑት፣ ተጫኑት። ውሃው ብቅ ሲል "አሁን!" አልን። እናትየዋ ጀሪካኗን አስጠጋች፣ ሁለቴ ጫን አደረገችው፣ ውሃው ተንዠቀዠቀ፣ ከኋላዋ ፀሐይ አለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ። ፊልሙ ላይ ያለው ይሄ ነው። ውሸት አለበት? የለበትም። ውሃው ወጥቷል፣ ልጆቹም ስቀዋል፤ የሳቁት ግን ደክሟቸው ስለጨረሱ ነው።

ከዚያ ቃለ መጠይቅ ሆነ። ሴትየዋ በርታ ናት፣ የተናገረችው በበርትኛ ነው። እኔ እዚያው ሰፈር ከልጆቹ ጋር ሳድግ ስለለመድኩት ማስተርጎሙ በእኔ ላይ ወደቀ። ስሟን አልጽፍም፤ ያለፈቃዷ አንዴ ጽፈነዋል፣ ይበቃል። ልጇ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፣ ቤቷ ገንፎ በልቼ አድጌያለሁ፣ "እማ" ነው የምላት። ያለችው እንዲህ ነው፦

"ውሃው አለ፣ አላህ ይስጣቸው። ግን ክንድ ይጨርሳል። ነፍሰ ጡር አትችለውም፣ እንደኔ ያረጀች አትችለውም። ጎሚኒው ይቀየርልን። ንገሯቸው።"

ካሜራማኑ ከኋላ "ምን አለች?" አለኝ።

"አመሰገነች" አልኩት።

አዲስ አበባ ተመልሰን ከፊልሙ ግርጌ የሚሄደውን ጽሑፍ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። "ውሃው አለ፣ አላህ ይስጣቸው።" ከዚያ ቆረጥኩት። ከንግግሯ ላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ እንዲያውም በዚህ ራሴን አጽናንቻለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሥራ አስኪያጁ "ጎሚኒውን አውጣው" አላለም፤ ጎሚኒ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ሁለት ዓመት ስትሠሩ የሚፈለገውን ጣታችሁ ያውቀዋል፣ ከልካይ አያስፈልጋችሁም። እኛ ሰፈር ስለ ሳንሱር ሲወራ ሁልጊዜ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ባለሥልጣን ነው የሚታየን። እኔ ያየሁት ሳንሱር ማኪያቶ ይዞ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ሥራውን በሰዓቱ ለማስረከብ የሚጣደፍ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው።

"ንገሯቸው" ያለችውን ልብ በሉ። እማ ስለ ሙያችን ከሰባታችንም በተሻለ ገብቷት ነበር። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው የላከው ሰው አለ፤ ከላኪው የመጣ ደግሞ ወደ ላኪው ይመለሳል፤ ስለዚህ መልእክት ይዞ መሄድ ይችላል። የሕዝብ ግንኙነት ማለት ይሄው ነው። እኛ ግን በመሄጃው ተከፍሎን፣ የመመለሻውን ጣልነው።

የቀድሞ ባልደረቦቼ ይህን ሲያነቡ የሚሉኝን አሁን እሰማዋለሁ፦ "ችግሩን ብናሳይ ረጂው ይሸሻል። ያኔ ጎሚኒው ብቻ አይደለም፣ ፓምፑም አይኖርም። አንተ ጻድቅ ሆነህ እማ ወደ ወንዝ ትመለሳለች።"

ይሄ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን የሆነውን ልንገራችሁ። የዚያ ደንበኛ የሚቀጥለው ዓመት ፕሮፖዛል ለቅንጅት እኛ ቢሮ መጣ፤ ሠንጠረዦቹን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ለአዲስ ቁፋሮ መስመር አለው። ለምረቃ ሥነ ሥርዓት መስመር አለው። ለእኛ፣ ለፊልምና ለባነር፣ መስመር አለው። ለመለዋወጫ ግን የለውም። ለምን ይኑረው? ፊልሙ ላይ ፓምፑ ሁለቴ ጫን ሲሉት ውሃ ይሰጣል። ረጂው ያመነው እኔን ነው። ጎሚኒውን ከግርጌ ጽሑፉ ሳወጣ ከበጀቱም አውጥቼዋለሁ።

"ሕዝቡ መጥፎ ዜና አይችልም፣ ተስፋ ይቆርጣል" ለሚለው ደግሞ ከዚሁ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚበልጥ ምስክር የለም። የህዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሰማነው ፐርሰንት ነው፤ ይህን ያህል በመቶ ደረሰ፣ ደግሞ ይህን ያህል ጨመረ። ቁጥሩ የተፈጠረ አልነበረም፤ ጉባ ላይ ኮንክሪቱ በእርግጥ ይሞላ ነበር። ግን በአንድ ቁጥር ውስጥ የቱ ክፍል እንደሄደ፣ የቱ እንደቆመ አይታይም። በ2010 ዓ.ም. ነው የብረታ ብረትና ኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ክፉኛ መዘግየቱ በአደባባይ የተነገረውና ሜቴክ ከሥራው እንዲወጣ የተደረገው። እንግዲህ ይሄን ያህል መጥፎ ዜና! ሕዝቡ ሸሸ? አልሸሸም። ከዚያም በኋላ ቦንድ ገዛ፣ በ8100 መልእክት ላከ። የካቲት 13 ቀን 2014 ግድቡ ኃይል ማመንጨት ጀመረ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ከኪሱ የሚያዋጣ ሕዝብ እውነቱን ይችላል። የማይችሉት መሀል ላይ ያለነው ነን፤ እውነቱ ሲመጣ "ሽፋን" ፋይላችን ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውማ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ፎርሙ። ለዚሁ ደንበኛ በሠራሁት ዌብሳይት ላይ "አስተያየትዎን ይጻፉልን" የሚል ፎርም አለ። ገንዘብ ሰጪዎች የቅሬታ መቀበያ መንገድ ይኑራችሁ ስለሚሉ የግድ ነው። የሚጻፈው ወደ አንድ ኢሜይል ይሄዳል። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል የምታውቀው ልጅ ሥራ ለቃለች፤ የተካት የለም። እኔ ግን ዳታቤዙን ማየት እችል ነበርና አንድ ምሽት ከፈትኩት። የውጭ አገር የማስታወቂያ ቆሻሻ። ሥራ የሚጠይቁ ልጆች፣ የትምህርት ማስረጃቸውን ሳይቀር በጽሑፍ የዘረዘሩ። "ስልካችሁ ለምን አይነሳም?" የሚል። እሱኑ ሰውዬ ከሳምንት በኋላ፣ "ስልካችሁ አሁንም አይነሳም" የሚል። ለሁሉም መልስ ደርሷቸዋል፣ ምክንያቱም ላኪውን ወዲያው የሚያመሰግን አውቶማቲክ መልስ ጽፌ ነበር። አንድ መስመር ኮድ ነው።

ይሄን ገጽ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ እንዳላችሁ ወይም እንደምትገቡ እገምታለሁ። የሶሻል ሚዲያ ገጽ ትይዛላችሁ፣ ካፕሽን ትጽፋላችሁ፣ ቪዲዮ ትቆርጣላችሁ። ሥራ ልቀቁ አልላችሁም፤ የቤት ኪራይ አውቃለሁ። የምላችሁ ትንሽ ነገር ነው። የሰው ቃል ስትተረጉሙ፣ የተረጎማችሁትን መልሳችሁ ለባለቤቱ አንብቡለት፤ ካሜራው ሳይነሳ፣ እዚያው። ቴምፕሌቱ ላይ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ ጨምሩ፦ "ምን እንዲነገርልዎ ይፈልጋሉ?" የተባለውን ደግሞ ከፊልሙ ጋር በደብዳቤ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ ለደንበኛው ላኩት። ፊልሙ ላይ አይግባ ካሉ አይግባ፤ ግን "አልሰማንም" የሚሉበት መንገድ ይዘጋ። ባለቤቶቹም ብትሆኑ፣ ውል ስትፈርሙ ይሄን እንደ አንድ ሥራ ቁጠሩትና ዋጋ ተምኑለት። ለባነር ዋጋ አላችሁ አይደል?

እኔ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን የሌላ ድርጅት የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እጽፋለሁ፤ መጋዘን ውስጥ ስንት ካርቶን እንዳለ የሚናገር፣ አሰልቺ፣ እውነተኛ ነገር።

ለአረፋ ባምባሲ ሄጄ ነበር። ዘመድ ጥየቃው ሲያልቅ እማ ቤት ገባሁ። ቡና ተፈላ፣ ስለ ልጇ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን። ከዚያ፣ ምንም ቂም በሌለው ድምፅ፣ "ነገርካቸው?" አለችኝ።

አልነገርኳቸውም አልኳት። እውነቱን ማለቴ ነው፤ "ጊዜ አጣሁ" አላልኩም።

ትንሽ ዝም አለችና "ታዲያ አሁን ንገራቸው" አለች፣ ስልኬን በአገጯ እያሳየች።

የማውቃቸውን ሁለት ቁጥር ደወልኩ፣ አልተነሱም። ዌብሳይቱን ከፈትኩ፤ ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ነበር። ፎርሙ ላይ ያኔ ያለችውን በሙሉ ጻፍኩ፤ ክንዱን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ጎሚኒውን። የመንደሩን ስም ጨመርኩ። መልሼ በበርትኛ አነበብኩላት፤ አንድ ቦታ አረመችኝ፣ አስተካከልኩት። ላክሁ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። "መልእክትዎ ደርሶናል። ከልብ እናመሰግናለን።"

"ምን አሉ?" አለችኝ።